ሳይጠየቅ የተቆረጠ ዘንባባ

በሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በላስ ቬጋስ ማውንተንስ ኤጅ በተባለው ሰፈር በብርቅታይት ጓሮ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የአገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ መዝገቡ፣ የዘንባባ ቀለበትና መስቀል በመጎንጎን የታወቁት እትዬ ደመቀች፣ እና በሩን የከፈተችላቸው የብርቅታይት ልጅ ናርዲ። የቤቱ እመቤት ብርቅታይት ራሷ አልነበረችም። በዚያ ሰዓት እሷ በምትሠራበት ሆቴል የሰው አልጋ ታነጥፍ ነበር።

ቆራጩ መዝገቡ ነው። እትዬ ደመቀች የተቆረጠውን እየተቀበሉ ባነጠፉት ጨርቅ ላይ ደረደሩት። ናርዲ ስልኳን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መዝገቡ መጀመሪያ በአትክልት መቀስ የዘንባባውን የዳር የዳሩን ቅጠል አነሣ። ቀጥሎ መቀሱን አስቀመጠና ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ መሃል ለመሃል ወደ ታች ሰደደው፤ ገና ያልተፈታውን፣ ነጩንና ለስላሳውን የመሃል ቅጠል ፈልፍሎ አወጣ። ከአንደኛው ዘንባባ ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሲወጡ ናርዲን «እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልን በያት» አላት።

ብርቅታይት ከሺፍቷ ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ቤት ሳትገባ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ዞረች። ልማዷ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ያወልቃል፤ እሷ መጀመሪያ ዘንባባዎቿን ታያለች። አፈሩን በጣቷ ወጋ አድርጋ እርጥበቱን ትሞክራለች፣ ነፋስ ቅጠላቸው ላይ የበተነውን አቧራ ትጠርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እንደ ሰው ምግብ የሚያምራት።

የዚያን ቀን ግን ገና ከሩቅ ስታያቸው እግሯ ቆመ። ሁለቱ ዘንባባዎች በጓሮው በር ግራና ቀኝ በግማሽ በርሜል ተተክለው የቆሙ፣ ቁመታቸው የሰው ደረት የሚደርስ፣ ቅጠላቸው እንደ ጃንጥላ ዙሪያውን የሚወርድ ነበሩ። አሁን ከታች ጥቂት ቅጠል ብቻ የቀረለት፣ በእሾህ የተከበበ ጉቶ መስለዋል። ጎንበስ ብላ ስታይ ከመሃላቸው ነጭ ክብ ቁስል አገኘች። እርጥብ ነው። ጉንዳን ከወዲሁ ከቦታል።

በልቧ ሌባ ገባ አለች። ወዲያው ደግሞ ሌባ ዘንባባ ምን ያደርግለታል አለች።

«ናርዲ! ማነው እዚህ የገባው?»

ናርዲ በመስኮት ብቅ አለች። «አንክል መዝገቡ መጣ። እትዬ ደመቀችም መጣች። ለቸርች ቅጠል ፈለጉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ኦኬ አልኩ። ማሚ፣ ቅጠል እኮ ነው። አንቺ ራስሽ ቆርጠሽ ትጥያለሽ።»

«የታችኛውን ነው የምጥለው! የደረቀውን! ይሄ የታችኛው ነው? ነይ ውጪ፤ ነይ እዪ!»

ናርዲ ወጥታ አየች። ነጩን ቁስል ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይበቅላል፣ አይደል?»

ብርቅታይት ጉንዳኑን ከቁስሉ ላይ ጠረገች። ሌላ ዛፍ አናቱን ቢቆርጡት በጎኑ ያቆጠቁጣል። ይህ ዘንባባ ግን ጎን የለውም። ያለው አንድ ልብ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ከዚያ ከአንድ ልብ እየተፈታ ይወጣል። ያ ልብ ከወጣ የቀረው ማገዶ ነው። ይህን ያወቀችው ከማንም ተምራ አይደለም፤ በፊት በፊት የበቀሉላትን በገዛ እጇ እያበላሸች፣ አንዱን ልቡ ላይ ውሃ አፍስሳ አበስብሳ፣ ሌላውን ያደገ መስሏት መሃሉን ጎትታ ነቅላ ነው።

ናርዲ ተጠግታ ክንዷን ያዘቻት። «ማሚ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት። አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። አጠፋሁ።»

«ይሁን፣ አንቺስ ልጅ ነሽ» አለቻት። ከናርዲ ጋር የነበረው ነገር በዚህ አለቀ።

ዘንባባዎቹን ያበቀለቻቸው ከፍሬ ነው። ቻይናታውን ከምትገበያይበት መደብር ፊት ያረጀ ዘንባባ አለ፤ ፍሬው እየረገፈ አስፋልቱ ላይ መኪና ይጨፈልቀዋል። አንድ ቀን ጥቂት ለቅማ በሶፍት ጠቅልላ አመጣች። ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ከዚያ ከእርጥብ አሸዋ ጋር በላስቲክ ከረጢት አድርጋ የውሃ ማሞቂያው አናት ላይ አስቀመጠችው። ናርዲ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። «ማሚ ቆሻሻ ታሳድጋለች» እያለች ለጓደኞቿ ታወራ ነበር። ብዙው በሰበሰ። የበቀለውም ቢሆን መጀመሪያ ሣር ነው የሚመስለው፤ አንድ ቀጭን ቅጠል ብቻ አቁሞ ወራት ይቀመጣል። ትዕግሥት የሌለው ሰው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል።

በቬጋስ መንገዱ ሁሉ ዘንባባ ስለሆነ ሰው ዘንባባ ራሱን በራሱ የሚያሳድግ ይመስለዋል። ትልቁ ይሆናል፤ ትንሹ ግን ሕፃን ነው። በሐምሌ ከጎማው መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ የፈላ ነው፤ ቀድመው ካልደፉት ሥሩን ይቀቅለዋል። የቀትሩ ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያቃጥለው ብርቅታይት በሁለት እንጨት ላይ አንሶላ ወጥራ ጥላ ትሠራላቸው ነበር። በጥር ውርጭ ይወርዳል የተባለ ቀን ደግሞ ብርድ ልብስ ታለብሳቸዋለች። አንዴ ናርዲ፣ «ለእኔ እንኳ እንዲህ አላደረግሽልኝም» ብላ ስትቀልድባት፣ «አንቺ ሲበርድሽ ትናገሪያለሽ፤ እነሱ በምን አፋቸው?» አለቻት።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ብርቅታይትን ያንገበገባት የልፋቷ ነገር ብቻ አልነበረም። ዘንባባዎቹ የእሷ አልነበሩም። የስእለት ነበሩ።

ባለፈው መስከረም ናርዲ በአውራ ጎዳናው ላይ መኪናዋ ተገልብጦባት፣ ለብርቅታይት ሥራ ቦታ ድረስ ተደወለላት። የደወለው ሰው ልጅቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አልነገራትም። በዕቃ ማመላለሻው ሊፍት ስትወርድ፣ ንጹሕ ፎጣ ከተጫነበት ጋሪ አጠገብ ተንበርክካ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ልጄን በእግሯ ብታቆሚልኝ፣ ሁለቱን ዘንባባዎቼን በደጅሽ ግራና ቀኝ እተክልልሻለሁ።» ናርዲ ከዚያ መኪና ውስጥ ከጭረት በቀር ምንም ሳይነካት ወጣች። ሆስፒታሉ በር ላይ እናቷን ስታያት መጀመሪያ የተናገረችው፣ «ማሚ፣ መኪናዋ ሞተች» የሚል ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ የገዛው ሕንፃ ቀድሞ የዕቃ መጋዘን ነበር። ደጁ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው፤ አንዲት ቅጠል የለበትም። በብርዱ ወራት የተተከለ ዘንባባ ሥር ስለማይሰድ ብርቅታይት አፈሩ እስኪሞቅ ጠበቀች። ፋሲካ አልፎ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ልትወስዳቸው ነበር። ፒክአፕ ያለው ሰው እንኳ አናግራ ነበር። ለማን፣ ለምን እንደሆነ ግን ለናርዲም አልነገረችም። ስእለት ሳይገባ ሲወራ ይቀልላል ብላ ታምናለች።

ስልኳን አንሥታ ለመዝገቡ ደወለች። ከበስተኋላው የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

«ብርቄ! አየሽልኝ? ምን የመሰለ ዘንባባ መሰለሽ፣ እትዬ ደመቀች ሐር ነው እያሉ ነው!»

«መዝገቡ፣ ማንን ጠይቀህ ነው የቆረጥከው?»

«ልጅሽ ነበረች እኮ። ደሞ እኔና አንቺ መጠያየቅ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ልቡን ለምን አወጣኸው?»

«እሱማ ነው ዋናው! የታዘዘው ዘንባባ ደርቆ መጣ፣ ሲጎነጉኑት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ነገ ሕዝቡ ምን ሊያስር ነው? ጭንቅ ላይ እያለን ያንቺ ጓሮ ትዝ አለኝ። መንፈስ ቅዱስ ነው ያስታወሰኝ።»

«ይሞታል መዝገቡ።»

«ምን ይሞታል! እኔን የወንዝ ዳር ልጅ ዘንባባ ልታስተምሪኝ ነው? በየዓመቱ ለሆሣዕና ልቡን ነበር የምናወጣው። በዓመቱ ስንመለስ ብሶበት፣ በዝቶ ነው የሚጠብቀን። በይ፣ ሴቶቹ እየጠሩኝ ነው፤ ነገ እንገናኝ።» ስልኩን ዘጋው።

ስለ መዝገቡ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለም። እሱና ብርቅታይት ዲቪ የደረሳቸው በአንድ ዓመት ነው፤ መጀመሪያ የኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ነው። ባሏ ያረፈ ጊዜ ሬሳውን ወደ አገር ቤት ያስላከላት፣ ወረቀቱን የጨረሰላት እሱ ነው። ታክሲውን አቁሞ የሰው ዕቃ ያጓጉዛል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ያልታመመም ይጠይቃል። ሰው ሲቸገር ቀድሞ ይደርሳል። ችግሩ፣ ሰው ሳይቸገርም እንዲያው ይደርሳል። ለብዙ ሰው ብዙ ስላደረገ የሰው ቤት ሁሉ የእሱ ቤት፣ የሰው ጓሮ ሁሉ የእሱ ጓሮ ይመስለዋል።

ስለ ወንዝ ዳሩ ዘንባባም አልዋሸም። የእሱ አገር ዘንባባ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣ ነው፤ የአንዱ ልብ ቢወሰድ ጎኑ ያለው ወንድሙ ይተካል። የብርቅታይት ግን ብቻውን የሚበቅል ዘር ነው። ሁለቱ ቅጠላቸው አንድ ይመስላል። እሱ ቅጠሉን አየ፣ አወቅሁት አለ፣ ሰንጢውን መዘዘ። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ብርቅታይት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቅዳሴው ተጀምሯል። ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። ቀና ብላ አየች። ከፊቷ የቆሙት ሁሉ የእሷን ዘንባባ በግንባራቸው አስረዋል። ሕፃናቱ በጣታቸው አጥልቀውታል። ዲያቆናቱ በመስቀል ቅርጽ ጎንጉነው ይዘውታል። ለጋ ስለሆነ ነጭ ነው፤ ያበራል። እውነትም ሐር ይመስላል። ስንት ክረምት ብርድ ልብስ ያለበሰችው፣ ስንት በጋ ጥላ የዘረጋችለት ልብ፣ ተተልትሎ ተተልትሎ በሰው ግንባር ላይ ተበትኗል። «ሆሣዕና በአርያም» ሲባል አፏ አልከፈት አላት።

ሥርዓቱ ሲያበቃ አባ ሕዝቅኤል ማይክሮፎኑን ያዙ። ደግ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ አባት ናቸው።

«ዘንባባው ደርቆ መጥቶብን ተጨንቀን ነበር። ወንድማችን መዝገቡ ደርሶልናል። ከየት እንዳመጣው እግዚአብሔር ይወቅ፤ እንዲህ ያለ ለምለም ዘንባባ በዚህ በረሃ አይተን አናውቅም። ጸጋውን ያብዛለት!»

እልልታው ቀለጠ። መዝገቡ ከወንዶቹ መካከል አንገቱን ደፋ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም። ብርቅታይት ጠበቀች፤ አሁን ቀና ብሎ «ኧረ የብርቅታይት ነው» ይላል ብላ ጠበቀች። ቀና አለ፣ ፈገግ አለ፣ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ነው ሐዘኗ ወደ ቁጣ የተለወጠው።

በአዳራሹ የጾም ምሳ ሲቀርብ እትዬ ደመቀች የተጎነጎነ ቀለበት ይዘው ወደ እሷ መጡ። «እንቺ ልጄ፣ ላንቺ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ጣትሽን አምጪ።»

«አላደርገውም እትዬ።»

«ምነው? በሆሣዕና?»

«የልጅዎን ጣት ቆርጠው ቀለበት ቢሠሩልዎት ያደርጉታል?»

እትዬ ደመቀች ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። መዝገቡ ሳህኑን ይዞ እየሳቀ ቀረበ።

«ብርቄ፣ ዛሬም አልበረደልሽም? ኧረ ቅጠል ነው እኮ! ቅጠል!»

«ቅጠል ከሆነ መንገድ ዳር ሞልቶልህ የለ? ለምን እኔ ጓሮ መጣህ?»

«የመንገዱን ብቆርጥ ፖሊስ ይይዘኛላ!»

አካባቢው የነበረ ሰው ሳቀ።

«አየህ፣ ከመንግሥት ዛፍ ላይ ላለመቁረጥ ታውቃለህ። የእኔ ግን ባለቤት የለውም።»

«ኧረ ተይ አንቺ! ለራሴ ወሰድኩት? አጥር ሠራሁበት? ለቤተ ክርስቲያን ነው!»

«ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሰው የራሱን ይሰጣል። አንተ የሰው አንሥተህ ሰጠህ፤ ምስጋናውን ለራስህ ተቀበልክ። አባ ከየት እንዳመጣው እግዚአብሔር ይወቅ ሲሉ አፍህ የት ሄዶ ነበር?»

አሁን የሳቀ የለም። አንዲት ሴት፣ «እባክሽ ብርቅታይት፣ በጾም ነው» አለች። ሌላዋ፣ «ለዘንባባ እንዲህ የሆነች ለሰው ምን ልትሆን ነው?» ስትል ተሰማች። ብርቅታይት ይህን ስትሰማ ልትደብቀው የነበረው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ስእለት ነው! የናርዲ ስእለት ነው! ከፋሲካ በኋላ እዚህ በር ላይ፣ ግራና ቀኝ ልተክላቸው ነበር። ለልጅ ልጅ የሚሆን ዘንባባ ነበር። ሁልጊዜ ለሆሣዕና ከደጃችን እንድንቆርጥ፣ ደርቆ መጣ ብለን እንዳንጨነቅ! ለአንድ ቀን ብላችሁ ልቡን አወጣችሁት!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እትዬ ደመቀች በእጃቸው የቀረውን ቀለበት አዩት፣ የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን ያጡ መሰሉ። መዝገቡ ግን ዝምታ አይወድም።

«ታዲያ ገባላ! ስእለትሽ ገባ ማለት ነው እኮ! ለቤተ ክርስቲያን ተሳልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ደረሳት። ምን ታውቂያለሽ፣ እግዚአብሔር እኔን ልኮኝ ቢሆንስ?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ብርቅታይት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ናርዲ ተከትላት እየሮጠች፣ «ማሚ፣ አንክል ጆክ ነው ያደረገው» ስትላት፣ «አውቃለሁ። ይሄው ነው ያቃጠለኝ» አለቻት።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። በሕማማት ምእመናን አይጨባበጡም፣ አይሳሳሙም፤ ያ ሳምንት ብርቅታይትን ተስማማት። ከማንም ጋር ፊት መሳም አልፈለገችም። በየማታው ከሥራ መጥታ ዘንባባዎቹን ታያለች። ነጩ ቁስል መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ከዳር የቀሩት ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ የማያውቅ ሰው ደኅና ናቸው ይላል። ዘንባባ እንዲህ ነው፤ ሞቱን ቶሎ አያሳይም።

ሐሙስ ዕለት፣ ከጸሎት በኋላ፣ አባ ሕዝቅኤልና እትዬ ደመቀች መዝገቡን ይዘው መጡ። በሰዎች መካከል ቂም ተይዞ ፋሲካ እንዳይገባ በዚህ ሳምንት ማስታረቅ ልማድ ነው። በሩ ላይ እጅ ነሥተው ገቡ፤ ሕማማት ስለሆነ ማንም ማንንም አልጨበጠም። ብርቅታይት ሳሎን አላስገባቻቸውም። «እዚህ ጓሮ እንቀመጥ አባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው» ብላ ወንበር አወጣች። ናርዲ ውሃ ልታመጣ አለችና ጾመኞች መሆናቸው ትዝ ሲላት አፍራ ቆመች።

አባ ሕዝቅኤል ሳይቀመጡ ሁለቱንም ዘንባባ ዞረው አዩ። የተቆረጠበትን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ማይክሮፎን ላይ የተናገርኩት ሳላውቅ ነው። የመጣሁት መጀመሪያ ለዚህ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ አባ? የተነገርዎትን ነው የተናገሩት።»

«መዝገቡም የመጣው ሰላም ፈልጎ ነው» አሉ እትዬ ደመቀች። «በል ተናገር።»

መዝገቡ ተነሣ፤ ኮቱን አስተካከለ። «እንግዲህ ብርቄ እህቴ ናት። አስቀይሜያት ከሆነ ይቅርታ።»

«ከሆነ?» አለች ብርቅታይት። «ከሆነ ነው የምትለው? ዘንባባው እኮ ፊትህ ነው፤ እየው።»

«ሳላውቅ ነው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«እስካሁን አላወቅሁም አላልክም። አውቃለሁ ነው ያልከው። የወንዝ ዳር ልጅ ነኝ ነው ያልከው።»

«ነኛ!»

አባ ሕዝቅኤል እጃቸውን አነሡ። «ልጄ ብርቅታይት፣ ስእለትሽን እግዚአብሔር ልብሽን አይቶ ተቀብሎታል። ዘንባባው ሕዝቡን አገልግሏል። ይህን መጽናኛ አድርጊው።»

«አባ፣ አያስቀይሙኝና፣» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ አንድ ቀን ለማገልገል አልተሳልኩም። ልጄ አንድ ቀን ብቻ እንድትኖርልኝ አልለመንኩም። ሙሉ ነው የተሰጠኝ፤ ሙሉ ነው መስጠት የነበረብኝ። ከእጄ ሳልሰጠው፣ በር ከፍተው የወሰዱት ነገር ስእለቴ ነው ካሉኝ፣ እኔ ምን ሰጠሁ?»

አባ ሕዝቅኤል ፊታቸውን ወደ መዝገቡ መለሱ። «ሳታስፈቅድ ነው የገባኸው?»

«ልጅቷ ነበረች አባ።»

«እናቲቱን ነው የጠየቅሁህ። ስልክ አልነበረህም?»

መዝገቡ ግንባሩን ጠረገ። «ነበረኝ። ቸኩዬ ነው። ደግሞ ምን ሆነ? ይበቅላል እኮ! ስለ ሬሳ ነው እንዴ የምናወራው? ቅጠሉ አረንጓዴ አይደለም? ይኸው!» አንዱን ቅጠል ይዞ ነቀነቀው።

«ይበቅላል ነው የምትለው?» አለች ብርቅታይት።

«ይበቅላል!»

«በአባ ፊት?»

«በአባ ፊት! ዘንባባ አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

«እንግዲያው ጥሩ። ሲበቅል ይቅር እልሃለሁ።»

እትዬ ደመቀች አማተቡ። «ኧረ በእመብርሃን! ስቅለት ነገ ነው! ቂም ይዘሽ ልትፈስኪ ነው?»

«ቂም አይደለም እትዬ። እሱ ይበቅላል አለ፣ እኔ ይሞታል አልኩ። አንዳችን ተሳስተናል። የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ ደጁ ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ማይክሮፎን ይዤ ሕዝብ ፊት ስሙን አነሣለሁ። የተሳሳተው እሱ ከሆነ መጥቶ አጠፋሁ ይበለኝ። ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ ይቅር እላለሁ። ምንም ሳያጠፋ ይቅር በይው ካላችሁኝ ግን፣ ምኑን ነው የምለው?»

«እልኸኛ ነሽ» አለ መዝገቡ።

«በሰው ጓሮ ሰንጢ ይዤ አልገባሁም።»

እትዬ ደመቀች አባን አዩ፤ አባ እንዲያስገድዷት እየጠበቁ ነበር። አባ ሕዝቅኤል ግን፣ ሕማማት ስለሆነ መስቀል ሳያሳልሙ፣ ተነሡ። «ይሁን፣» አሉ፤ «እግዚአብሔር ሲገልጠው እናያለን። መዝገቡ፣ ሳትጠይቅ የወሰድከውን መባ ነው አትበል። በእኔም ፊት ቢሆን።»

መዝገቡ ሲወጣ አንዴ ዞር ብሎ ዘንባባዎቹን አያቸው፤ ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ የፈራ መሰለ።

በፋሲካ ማግስት ብርቅታይት ለአባ ሕዝቅኤል ዳቦ ላከች፤ ለእትዬ ደመቀችም ላከች። ለመዝገቡ አልላከችም። ሰዎች ብዙ አወሩ። ስለ ዘንባባ ብላ የባሏን ሬሳ ያስላከላትን ሰው ፊት ነሣችው አሉ። ለመዝገቡም ዳቦ ላኪለት የተባለችው ናርዲ፣ «ፖይንቱ ዘንባባ አይደለም፤ ፖይንቱ መጠየቅ ነው» ብላ ለአንዷ ስትመልስ ብርቅታይት ሰማች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጇ በዚያ ነገር ላይ ምን እንደምታስብ አታውቅም ነበር።

ዘንባባዎቹ አልበቀሉም። በግንቦት መጨረሻ የቀሩት ቅጠሎች ከመሃል ወደ ዳር ደረቁ፤ ግንዱን በጣት ሲጫኑት ውሃ ያዘለ ሆነ። በሰኔ መዝገቡ ብቻውን መጣ፤ ሁለቱንም አየ፤ «አጠፋሁ» አለ፤ ብርቅታይት ይቅር አለችው፤ የሞቱትን ነቅለው አብረው ጣሏቸው። ስእለቱ ሳይገባ ቀረ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ አሁን የተተከለ ነገር የለም።